የሚካኤል ስንዴ

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሙሴው ገበየሁ፣ በተሰበሰበው ማኅበርተኛ ፊት የዝክሩን ስንዴ አልታየች በልታዋለች አለ። ስንዴው በአደራ የተሰጣት አልታየች ግን አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም ብላ ማለች።

"እንግዲያ አይጥ በላው በያ!" አላት ገበየሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ።

ይኼኔ ጎረቤቷ ሺፋ ልጇን አዝላ፣ ስንዴው የነበረበትን ባዶ ስልቻ ይዛ ገባች። "ወላሂ ጋሼ፣ ስለ ሚካኤል ብላ ለልጆቼ ነው የሰጠችው። ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ።"

ገበየሁ ከሺፋ ጀርባ የተንጠለጠለውን የሕፃኑን ቀጭን እግር አየና አቀረቀረ። ጓሮው ያለው የጭድ ክምር ታወሰው።

"አልታየች፣ ይቅር በይኝ" አለ ተነሥቶ ቆሞ። "ከጭዴ ሥር ሙሉ ጉድጓድ ገብስ ደብቄአለሁ። ነገ እከፍተዋለሁ፤ ሺፋ ቀድማ ትስፈር።"