ግማሽ መንገድ

«ዎፋ፣ ስልኩን ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፤ የሚታየን ጣሪያው ብቻ ነው» ይላል ብሬምፖንግ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ።

ዎፋ አዱሴ ስልኩን ይነቀንቁታል። በስክሪኑ ላይ በየካሬያችን ተደርድረን የተቀመጥን የኩማሲና የአካባቢው መሬት ቀያሾች በሙሉ መጀመሪያ የማራገቢያቸውን ክንፍ፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ግማሽ ግንባር እናያለን። አጎታችን ናቸው፤ በሥጋ ሳይሆን በሥራ። አብዛኞቻችንን ቅየሳ ያስተማሩን እሳቸው ስለሆኑ ሁላችንም ዎፋ እንላቸዋለን።

«ግንባሬ ይበቃችኋል» ይላሉ። «እናንተስ ብትሆኑ እንደ ቴምብር ተለጥፋችሁ አይደል የምትታዩኝ?»

ይሳቃል። እኔ መሳቅ ደክሞኛል። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የቀረን ጉዳይ አንድ ነው፦ የዘንድሮው ጉባኤ በአዳራሽ ይሁን ወይስ በዚሁ በስክሪን? ድምፅ ተሰጥቶ እኩል ለእኩል ወጥቷል። እኩል ሲወጣ ሊቀመንበር ይወስናል፤ ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ።

«ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ኮናዱ።»

«ይበሉ፣ ዎፋ።»

«ስብሰባ ማለት ከቀኝ ጀምሮ አዳራሹን እየዞሩ መጨባበጥ ነው። እጅ ሲላቀቅ ጣት ከጣት አጋጭቶ ማስጮህ ነው። እኔ በዚህ ጉባኤ ጡረታ እወጣለሁ። የክብር ልብሱን፣ ኬንቴውን፣ ትከሻዬ ላይ ማን ሊያለብሰኝ ነው? ኢንተርኔቱ?»

«ቤትዎ ድረስ እንልክልዎታለን» ይላል ብሬምፖንግ።

«በሞተር ብስክሌት! እንደ ዶሮ ጥብስ!»

«ቃሪያ ይጨመርበት?» ትላለች ፍሬማ ከኦቡዋሲ፤ ራሷ በቀልዷ ትስቃለች።

እሳቸው ግን አይስቁም። ስልኩን ዝቅ ያደርጉታል፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ይታያል።

«የክዋሜን ቀብር በዚህ ስልክ ነው ያየሁት» ይላሉ። «በሽታው ይዛመታል፣ አትምጡ ተባልን፣ ቀረን። ሬሳ ሳጥኑን በገመድ ይዘው ሊያወርዱት ሲሉ ኔትወርኩ ቆመ። ሳጥኑ አየር ላይ ቀረ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ በኋላ ስልኩም ጠፋ። ለእኔ እስከ ዛሬ አልወረደም። ይኸን ነው እንግዲህ ስብሰባ የምትሉኝ።»

ክዋሜ ባሌ ነበር፤ እንደ እኛው ቀያሽ። ባለፈው ጉባኤ ማንንም ሳይዘል አዳራሹን ዞሮ ጨበጠ፤ እያሳለ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ አልተነሳም። ይህን የማያውቅ የለም። ስሙን ግን እኔ ባለሁበት ስብሰባ ያነሳ አልነበረም። ብሬምፖንግ ካሜራውን ያጠፋል። ፍሬማ አቀርቅራለች። አንድ ነገር እንድል እየጠበቁ ነው፤ ብናገር ክርክሩ እዚያው ያበቃል። በሱ ሞት ማሸነፍ አልፈልግም።

«የአዳራሹ መስኮት አይከፈትም» እላለሁ። «ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ጉባኤው በስክሪን ይሆናል።»

ዎፋ ፊታቸውን ወደ መጋረጃው ያዞራሉ።

«ኬንቴውን እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ። በራፍዎ ላይ አስቀምጬ፣ ከውጭ ቆሜ ሲለብሱት አያለሁ።»

«ከውጭ ቆመሽ።»

«ከውጭ ቆሜ።»

ብሬምፖንግ ውሳኔውን ያነባል፤ ሁሉም ያመሰግናል፤ ካሬዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ዎፋ ብቻ ቀርተዋል። መውጫው ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ይቀድሙኛል።

«እመቤት ሊቀመንበር፣ መንገድ እለምናለሁ።»

በእኛ ዘንድ እንግዳ መንገድ ሳይለምን አይነሳም፤ ባለቤትም ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሌላው ግማሽ ለመመለሻ ይቀመጣል። ክዋሜ ወደ ሥራ ሲወጣ፣ በገዛ ቤቱ፣ በር ላይ ቆሞ ይለምነኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የለመነኝ የለም። ስብሰባ ሲያልቅ ሰው ቁልፍ ይጫንና ይጠፋል።

መልሱ ምላሴ ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ይቀድመዋል።

«ዎፋ፣ ወርዷል።»

ስልኩን ወደ ፊታቸው ያስጠጉታል።

«ዝናብ ነበር። ገመዱን የያዙት ወንድሞቹ ናቸው። መሃል ላይ ባንድ በኩል ዘመም አለባቸው፤ ክዋሜ ቢኖር ውሃ ልክ አምጡ ባለ ነበር። አቃኑት። ቀስ ብሎ፣ ሳይጋጭ ወረደ። አይቻለሁ።»

«አይተሻል?»

«እስከ ታች።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ብዙ ይጠርጉታል።

«እንግዲያው ወረደ» ይላሉ።

«ወረደ። ግማሹን መንገድ ሰጥቼዎታለሁ፣ ዎፋ።»

«ሌላውን አስቀምጪልኝ፣ ልጄ።»

ቀኝ እጃቸውን ለስንብት ያነሳሉ። ኔትወርኩ ይቆማል። መዳፋቸው አየር ላይ ይቀራል፤ ከበላያቸው ያለው የማራገቢያ ክንፍም ሳይዞር ቆሟል።

ስብሰባውን የሚዘጋው ቀይ ቁልፍ ጣቴ ስር ነው። ዝናቡ አላባራም። ጣቴን ከቁልፉ አነሳለሁ። እጃቸው እስኪወርድ እጠብቃለሁ።