በር ላይ የሚያስቆሙት አማት

«ልጅቷን እንዳትነካ… መጀመሪያ ታጠብ።»

አማቱ በሩን ዘግተው ቆመዋል።

የአራት ዓመቷ ልጁ ከኋላቸው ሆና «አባዬ» እያለች እጇን ትዘረጋለች… እሳቸው ደግሞ ቀሚሷን ይዘው አልለቅ ብለዋል።

ሰውዬው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነው። አሮጌ ባትሪ ሲፈታ፣ እርሳስ ሲያቀልጥ ይውላል። ደክሞት ሲመጣ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው… ልጁን አንስቶ መሳም።

ግን ማን አስገብቶት…

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ሳሙና ተቀምጧል። ንጹሕ ልብስ ወንበር ላይ ታጥፎ ይጠብቀዋል። ጸጉሩን ሳይቀር ታጥቦ፣ ጫማውን ውጭ ትቶ፣ የሥራ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ካላስረከበ የገዛ ቤቱ አይገባም።

ያንን ልብስ ሚስቱ እንኳ እንድትነካው አይፈቀድላትም። አማቱ ራሳቸው በተለየ ሳፋ ለብቻው ያጥቡታል። እጣቢውንም ልጅቷ የምትጫወትበት ግቢ ላይ አይደፉም፣ ሽንት ቤት ወስደው ነው የሚደፉት።

«እናትሽ ሥራዬን ንቀውታል» ይላታል ሚስቱን።

እሷም እናቷ ንጽሕና ስለምትወድ ነው፣ ቻላት ትለዋለች።

ቻለ… አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት።

የሥራ ባልደረቦቹ ነገሩን ሲሰሙማ መሳቂያ አደረጉት። ስሙን ትተው «ታጣቢው» ይሉት ጀመር። አንዱ እንዲያውም አማትህ የሳሙና ፋብሪካ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። እነሱ እንደሆነ በሥራ ልብሳቸው ገብተው ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያወጣሉ… ማን ይከለክላቸዋል?

እውነት ለመናገር እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ያገኘው ልጁን ነበር።

«አባዬ አትንካኝ… ቆሻሻ ነህ» አለችው።

ሕፃን ናት፣ የሰማችውን ነው ያለችው። ቃሉ ግን አንጀቱ ድረስ ገባ።

እዚያው በቆመበት አማቱን ከነገ ጀምሮ ክፍለ ሀገር ያለችው ሌላዋ ልጃቸው ጋ እንዲሄዱለት ጠየቃቸው።

አልተከራከሩትም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣቸውን አንስተው ሲወጡ፣ ለምታለቅሰው ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ነገሯት… የሥራ ልብሱን ከልጅቷ ልብስ ጋር እንዳትቀላቅል።

ይሄን ሲሰማ ይባስ ተናደደ። እየሄዱም አይተዉኝም ብሎ እየተብሰለሰለ ወደ ባትሪ ቤቱ ሄደ።

እዚያ አንዲት የጤና ባለሙያ ወረቀት ይዛ ሠራተኞቹን ትጠብቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው… ከባትሪ ቤቱ ጀርባ አሲድ የሚደፋበት ሜዳ ሣር ማብቀል ካቆመ ቆይቷል። እዚያ የሚጭሩ የሰፈሩ ዶሮዎችም አንድ በአንድ አለቁ። ነዋሪው አቤት ሲል የአፈሩ ናሙና ተወሰደ፣ የሠራተኞቹና የልጆቻቸው ደምም ተመረመረ።

የዛሬው ወረቀት ውጤቱ ነበር።

የሦስት ባልደረቦቹ ልጆች ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኘ። ያ ስለ ሳሙና የቀለደው ሰው ልጅ ሆዴን ማለት ከጀመረ ወራት ሆኖታል፣ የሚያውቀውን ፊደል ሁሉ እየረሳ ነው… አባትየው ስንፍና እየመሰለው ይቆጣው ነበር።

የእሱ ተራ ደረሰ። ባለሙያዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው።

«የአንተ ልጅ ደም ውስጥ ያለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» አለችው። «እቤት ምን የተለየ ነገር ታደርጋላችሁ?»

አማቱ በር ላይ እንደሚያሳጥቡት ነገራት።

ባለሙያዋ ለሁሉም ታስረዳ ጀመር። የእርሳስ ብናኝ በዓይን ላይታይ ይችላል… ጸጉር ላይ፣ ጫማ ላይ፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል። ልጅ አባቱን ሲያቅፍ እጁ ላይ ይቀራል፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ቀስ እያለ ተጠራቅሞ አእምሮውን ይጎዳዋል።

እሱ መጨረሻውን አልሰማም። ወደ መናኸሪያ እየሮጠ ነበር።

አማቱ ሻንጣቸውን አቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ውጤቱን ነገራቸውና እንዴት እንዳወቁ ጠየቃቸው።



«ባለቤቴም የአንተን ሥራ ነበር የሚሠራው» አሉት። «ሚስትህ ሳትወለድ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። አባቱ ገና ሲገባ ዘሎ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፣ እኔም እያየሁ ደስ ይለኛል። ሆዱን ሲያመው፣ ሲገረጣ… ምን ብዬ ልጠርጥር? አንድ ቀን አንቀጠቀጠውና በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ምክንያቱን የነገረን ከቀበርነው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ሚስትህ ወንድም እንደነበራት አታውቅም። አባቷን እንዳትጠላው ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ደግሞ አንተ ትፈራለህ ብዬ ሰጋሁ… ባለቤቴ ሥራውን ቢተውም ከዚያ በኋላ ልጅ ማቀፍ ፈራ። ሚስትህን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አላቀፋትም። አባቴ አይወደኝም እያለች ነው ያደገችው። አንተ እንደሱ እንድትሆን አልፈለግኩም ልጄ… ታጥበህ እንድታቅፋት ነው የፈለግኩት።»

ሰውዬው ያ ሁሉ ሰው እያየው አለቀሰ።

ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ቤት መለሳቸው።

የባልደረቦቹ ልጆች ሕክምና ጀምረዋል። ባትሪ ቤቱም መታጠቢያ ተሠርቶለታል፣ የሥራ ልብስ ከዚያ አይወጣም።

ሚስቱም የዚያኑ ዕለት ሁሉንም ነገር ሰማች… አባቷ ይወዳት እንደነበር ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ፈጀባት።

ወዳጆቼ… ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሰው ሲከለክለን ንቆን ነው ከማለታችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቅ። ከባትሪ፣ ከቀለም፣ ከተባይ መድኃኒት ጋር የምትውሉ ደግሞ እባካችሁ… ታጥባችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ እቀፏቸው።

እኔን ግን አንድ ነገር እስካሁን ያከራክረኛል… እኚህ እናት ከመጀመሪያው መናገር ነበረባቸው ትላላችሁ፣ ወይስ እናንተም በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?