የአማት መንጋጋ

አማትየዋ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል መጡ። እንግዳ ተቀባይዋ ነገ ጠዋት ሌላ ሐኪም እንደሚኖር ብትነግራቸውም አልሰሟትም።

«ነገ አይሆንም። እሷው ትየኝ» አሉና ሻርፓቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ተቀመጡ።

«እሷ» ያሏት የጥርስ ሐኪም የልጃቸው ሚስት ናት። ከባሏ ቤት ከወጣች ወራት አልፈዋል። ዘመድ አዝማድ ለእርቅ የተሰበሰበ ለት አማትየዋ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ይቺ ውሸታም ናት፤ የወለድኩትን አውቀዋለሁ» ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ተመለከተቻቸው።

«ልጅዎ ነው የላከዎት?»

«ጥርሴ ነው የላከኝ።»

«ከተማው በጥርስ ሐኪም ተሞልቷል።»

«ይሄን ነጭ ጋዋን መጀመሪያ የለበስሽ ለት እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አሁን አንዲት ጥርስ በዛችብሽ?»

ነርሷ መሳቅ ፈልጋ የሐኪሟን ፊት አየችና ተወችው። ሐኪሟ በአገጯ ወንበሩን አሳየቻቸው።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

«ተዘግቶ አያውቅም፤ ለሱም አይደል የጠላሽኝ?» አሉና ከፈቱ።

የታችኛው ግራ መንጋጋ ነው። ድሮ የተሞላ ጥርስ ነበር፤ አሁን በምላስ በኩል ያለው ግድግዳው ከነሙሌቱ ተገምሶ ወድቋል። የጉንጫቸው ውስጥ ተቆርጧል፤ አገጫቸውም አበጥ ብሏል። የተሰበረ ጥርስ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ይህ ሐኪሟን አላስገረማትም።

«ምን ሰበረው?»

«አጥንት ስቆረጥም።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«በጥርሴ እንጂ በዕድሜዬ አልቆረጥምም።»

ሐኪሟ ራጅ አንስታ ፊልሙን መብራት ላይ አድርጋ አየችው። ሥሩ ደህና ነው፤ ጥርሱ ይተርፋል።

«ሙሌቱን የሚይዝ ግድግዳ የለም። እንዲሁ ብሞላው ሳይውል ሳያድር ይወልቃል። ስለዚህ ጥርሱን በጥቂቱ በስቼ ሁለት ቀጫጭን የብረት ፒኖች አስገባለሁ። ሙሌቱ እነሱን ይዞ ይቆማል።»

«ሚስማር ልትመቺብኝ ነው በይኛ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ስንት ቀን ተመኝተሽው ይሆን።»

ሐኪሟ ማደንዘዣውን ወጋቻቸውና እስኪሠራ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃዎቿን ታስተካክል ጀመር።

«የት ነው የምትኖሪው?» አሉ አማትየዋ።

ሐኪሟ ያገለገለውን መርፌ ማስወገጃው ውስጥ ጣለችው።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ለምን ይጠይቃሉ?»

«ዘመድ አይጠይቅም?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቀ ዘመድ አይጠይቅም።»

«ቤቱስ ሰፋ ያለ ነው? በሩ በደንብ ይቆለፋል?»

ሐኪሟ ዞረች። መቆንጠጫው እጇ ላይ ነበር።

«ለልጅዎ የሚነግሩት ከሆነ ይሄንንም ይጨምሩለት። ደጄ ላይ ካየሁት እጮሃለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ነው የሚወጣው።»

አማትየዋ ኮርኒሱ ላይ አፈጠጡ። ከንፈራቸው መደንዘዝ ጀምሮ ነበር።

ሥራው ከባድ ነው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ነርቩን ያገኛል፤ ወደ ውጭ ካዘነበለ ጥርሱን በጎን በስቶ ይወጣል። ሐኪሟ መሰርሰሪያውን በዝግታ አስጀመረችው። የጠላችው ሰው አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ እጇ ላይ ወድቆላታል። እጇ ግን ሥራውን እንጂ ጠቡን አያውቅም። የመጀመሪያው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወረደ። ፒኑን እንደ ብሎን አዙራ አስገባችው፤ ጠበቅ ብሎ ቆመ።

ሁለተኛውን ስትጀምር የአማትየዋ ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። ነርሷ አውጥታ አየችው።

«‹ልጄ› ይላል። ላንሳልዎት?»

አማትየዋ በእምቢታ ጭንቅላታቸውን በኃይል ነቀነቁ። ሐኪሟ መሰርሰሪያውን ለጥቂት አወጣችው።

«አይንቀሳቀሱ። ነርቩን ብነካው ሆን ብላ ነው ሊሉ ነው።»

ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጮኸ። ሐኪሟ ለነርሷ በዓይኗ መስኮቱን አሳየቻት።

«ረጅም ሰውዬ ውጭ ቆሞ እንደሆነ እስኪ እዪልኝ።»

ነርሷ አየች። «ማንም የለም።»

ጥጉ ላይ ተሸሽጎ ይሆናል ስትል አሰበች ሐኪሟ። እናቱ መሰበሩ የማይቀር ጥርሳቸውን ሰበብ አድርገው አድራሻዋን ሲጠይቁ፣ እሱ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። መልስ የማይሰጥ አማት ደግሞ በየቀኑ አይገኝም።

«እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ውሸታም አሉኝ» አለች፣ ሁለተኛውን ፒን እያዞረች። «እኔ እርስዎን ‹እማዬ› ስል ከልቤ ነበር። ያን ለት አንድ ጊዜ እንኳ ‹ምን ሆንሽ› አላሉኝም።»

አማትየዋ በጉሮሯቸው አንድ ድምፅ አሰሙ። እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ። እዚህ ወንበር ላይ የማያነባ ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሟ በጥጥ ጠረገችላቸውና ቀጠለች።

ጥርሱን በቀጭን የብረት ቀበቶ ከበበችው። ነርሷ ያዋሐደችውን አማልጋም የተባለ የብረት መሙያ በፒኖቹ ዙሪያ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች ጠቀጠቀችው። ሲጠነክር ቀበቶውን አወጣች፣ የጥርስ ቅርፅ አስያዘችው፣ አስነከሰቻቸው፣ ከፍ ያለውን ፋቀችው። ጥሩ ሥራ ነበር። ለእሳቸው መሆኑ ብቻ ቆጫት።

«አልቋል። ዛሬ በዚህ በኩል እንዳያኝኩ።»

አማትየዋ ከወንበሩ አልተነሱም።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «ምን ቀረ? አድራሻዬን እንደሆነ አልሰጥዎትም። ይሂዱ፤ ልጅዎ ይጠብቅዎታል።»

አማትየዋ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ያዙ። በደነዘዘ ከንፈራቸው ቃሉን እየገፉ ተናገሩ።

«ወደ ቤት አትመልሺኝ» አሉ፤ «እኔንም መታኝ።»