ከመቶ ሰባ

የሙንዚር እንጀራ ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚሠሩትን የስትራቴጂ ጌም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይፈትሻል። ተጫዋቹ ወታደሩን ከማዘዙ በፊት ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣለታል፦ የመምታት ዕድል ሰማንያ በመቶ። የሙንዚር ሥራ ያ ቁጥር ሰው ላይ ምን ስሜት እንደሚፈጥር ማየት ነው።

ቁጥሩ ደግሞ እውነተኛ አይደለም። ሰው ሰማንያ ሲባል «አበቃ፣ መታሁ» ብሎ ያስባል፤ ከአምስት አንዴ ሲስት ጌሙ ሌባ ነው ብሎ ይሳደባል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ላዩን ሰማንያ ጽፈው ውስጡን ዘጠና ያደርጉታል። ተጫዋቹ ይህን አያውቅም፤ ደስ ብሎት ይጫወታል። ሙንዚር መጀመሪያ የነገሩት ቀን ስቆ ነበር።

እናቱ ወይዘሮ መዲና የሚኖሩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። በየጁምዓው በሚኒባስ እየወጣ ይጠይቃቸዋል። አንድ ቀን ላፕቶፑን ከፍቶ ሲሠራ ከኋላው ቆመው አዩት።

«ይሄ ቁጥር ምን ይላል?»

«መቶ ጊዜ ቢተኩስ ዘጠናውን ያገኛል ማለት ነው፣ እማ።»

«አላህ የሚያውቀውን እነሱ በምን አወቁት?» አሉ። «የሂሻምስ ስንት ነው?»

ሂሻም የሙንዚር ታናሽ ወንድም ነው። ከጎረቤታቸው ልጅ ከሸረፈዲን ጋር ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ከቤት ከወጣ ወር ሆኖት ነበር። ስልኩ አይሠራም። ደላላው «ደርሰዋል» ይላል፤ የት እንደደረሱ ግን አይናገርም።

«ዘጠና» አለ ሙንዚር።

ወይዘሮ መዲና ደም ብዛት አለባቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንላቸውም ብሏል። ዘጠና ሲባሉ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሙንዚርም ያን ፊት አይቶ ሌላ ነገር መናገር አቃተው።

በሁለተኛው ወር ሰማንያ አለ። በልቡ የያዘው ስድሳ ነበር። ከዚያ ሰባ አለ፤ በልቡ የያዘውን ለራሱም መናገር አልፈለገም። ይህን ዘዴ ከየት እንደተማረው ያውቃል። ጌሙ ውስጥ ግን የተደበቀው ከሚታየው የተሻለ ነው፤ እሱ የደበቀው የባሰውን ነው። በዚህ ያፍር ነበር።

ሰባ ባለ በሁለተኛው ጁምዓ ቤት ሲደርስ ጎረቤት ሞልቶ አገኘ። ፍየል ታርዷል። እሱ ሲገባ ወሬው ቆመ። እናቱ አጠገባቸው አስቀመጡትና በእጃቸው አጎረሱት።

«ዱዓው ለሂሻም ነው?»

«ለሂሻም ነው። ዛሬስ ስንት ትላለህ?»

«ሰባ።»

«አብሽር» አሉት። ቀጥለውም፣ «እንቅልፍ ግን ትተኛለህ?» ብለው ጠየቁት።

በሚቀጥለው ጁምዓ የሂሻምን ጃኬት አንድ ሌላ የጎረቤት ልጅ ለብሶት አየ። «በዚህ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ምን ያደርጋል?» አሉ እናቱ። ሙንዚር፣ ሲመጣ አዲስ ሊገዙለት አስበው ነው አለ በሆዱ።

ከወር በኋላ ከማያውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለለት። ሸረፈዲን ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሂሻም ዋና አይችልም። ሸረፈዲን አስከሬኑን በዓይኑ አይቷል፤ አሸዋ ላይ ሲቀብሩትም አብሮ ቆሟል።

«የሰማችሁ መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ» አለ እያለቀሰ።

ሙንዚር ስልኩን ዘጋ። የተከፈተው ጌም ላይ አንድ ወታደር ትእዛዝ ይጠብቃል። ሙንዚር ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ወንድሙን ይወደው ነበር።

በጁምዓው ሊናገር ቆርጦ ወጣ። እናቱ ምሳ አቅርበው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ስንት ትላለህ?»

አፉን ከፈተ። ሰው ለእናቱ ዜሮ የሚለው እንዴት ነው? ወደ ሃምሳ ቢያወርደው እንኳ ፊቱን አይተው ሁሉን ይረዱታል።

«ሰባ» አለ።

በሳምንቱም ሰባ አለ። በሦስተኛው ጁምዓ እናቱ እጁን ያዙት።

«ዝቅ ብታደርገውም እኔ አይከፋኝም።»

ሊያወጣጡት መሰለው። «ዝቅ የሚል ነገር የለም፣ እማ። ሰባ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እናቱ እጁን ለቀቁትና ዕቃ ሊያነሱ ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ መኖር አልቻለም። ሌሊት አይተኛም፣ ሥራውም ተበላሽቷል። እናቱ ከሌላ አፍ ሰምተው ቢወድቁስ የሚለው ሐሳብ ቀንም አይለቀውም። በአራተኛው ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ሼህ መሕሙድን ጠበቃቸው። የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው።

«ሼሃችን፣ ሂሻም ሞቷል» አላቸው። «እኔ መናገር አቃተኝ። እናቴ እስካሁን ይመጣል ብላ ነው የምትኖረው። ነገ ከሱብሂ በኋላ ሽማግሌ ይዘው ይንገሩልኝ። ቀስ አድርገው ይንገሯት፣ ደም ብዛት አለባት።»

ሼህ መሕሙድ አልደነገጡም። ሙንዚር ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው። ሽማግሌው ትከሻውን ያዙት፤ ዓይናቸውን ግን ወደ መሬት አደረጉ።

«ለእናትህማ ከነገርናት ሁለት ወር አለፈ፤ ‹ልጄ ገና ሰባ ይላል፣ ተስፋውን እንዳትነጥቁት› ብላ አስምላን ነው ያልነገርንህ።»