ከዴልፊና ደጃፍ የተመለሰችው

በዚያ ዘመን ማኒላ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነበር፤ የዴልፊና ወገን ነህ ወይስ የሊጋያ?

ዴልፊና ቬርጋራ ስክሪን ላይ ስታለቅስ ግማሹ አገር አብሯት ያለቅስ ነበር። ሊጋያ ሞንቴሮ ስትስቅ ደግሞ የቀረው ግማሽ ይስቃል። ሁለቱ ተዋናዮች በአንድ ዓመት ገነኑ፣ ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ፎቶ የለም። እንዲያውም ሊጋያ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ቀርባ የዴልፊናን አነጋገር እያስመሰለች አድማጩን በሳቅ ስለፈጀችው፣ የዴልፊና አፍቃሪዎች ጣቢያው ድረስ ሄደው መኪናዋን በበሰበሰ ቲማቲም ደብድበዋል።

ከወርዋሪዎቹ ፊት የነበረችው ሶሌዳድ ናት። ሶሌዳድ ቶንዶ ሰፈር ልብስ ሰፊ ስትሆን፣ የዴልፊና አፍቃሪዎች ማኅበርን የምትመራውም እሷ ነበረች። እህቷ የሊጋያን ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ስለሰቀለች ብቻ ሶሌዳድ ሠርጓ ላይ ሳትገኝ ቀርታለች።

ከዚያ ዴልፊና ታመመች። ጨጓራዋን ነው ተባለ። ከሆስፒታል ስትወጣ አንገቷ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሴት ሁሉ በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻሽ ጠመጠመ፤ ሶሌዳድም እየሰፋች ለማኅበሩ አባላት አደለች። ዴልፊና ከዚያ ወዲህ ለጋዜጠኛ መልስ መስጠት ተወች። ሲጠይቋት ፈገግ ብላ ታልፋለች። ሶሌዳድ ይህን በጣም ወደደችው። ንግሥት ከመንገደኛ ጋር አታወራም እያለች ታወራ ነበር።

በዚያው ዓመት ዴልፊና ባሏን ባሕር የበላባት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆና ሠራች። በጊዜው ልማድ ድምፅ የሚገባው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፊልሙ ገና ስቱዲዮ እያለ አንድ ፎቶ አንሺ ሊጋያን በጓሮ በር ስትወጣ ያዛት። ምን ልትሠራ እንደመጣች ሲጠይቃት፣ ወዳጅ ልትጠይቅ መምጣቷን ነገረችው። ማንም አላመናት። ሠራተኞቹን ገዝታ ፊልሙን ልታስበላሽ ነው ተባለ።

ሶሌዳድ ሴቶቿን አስከትላ የስቱዲዮው በር ላይ ቆመች። ሊጋያ በስድባቸው መሀል አቀርቅራ አለፈች። አንዷ ምራቋን ቀሚሷ ላይ ተፋችባት። ሊጋያ በማግስቱም መጣች። ዓይን አውጣ አሏት።

ፊልሙ ግን ምንም ሳይሆን ወጣ። ሚስቲቱ ዳርቻው ላይ ቆማ ባሏን በስሙ የምትጣራበት ቦታ ሲደርስ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ወንድ ሴት ሳይል ያለቅሳል። ሕመሙ ለዴልፊና ድምፅ ጥልቀት ሰጠው፣ እንዲህ ሆና አታውቅም ብለው ጋዜጦቹ ጻፉ። ሶሌዳድ ዘንቢሏ ውስጥ ቴፕ ደብቃ ገብታ ያንን ቦታ ቀዳችው።

ለዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ሁለቱም ታጩ። በሽልማቱ ዕለት ያ ትዕይንት ሲታይ ሊጋያ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ከአዳራሹ ወጣች። ዴልፊና ሽልማቱን ተቀብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ወደ መውጫው በር ዞራ አጎነበሰች፣ ምንም ሳትናገር ወረደች። ቅናት አስወጣት ብለው ጋዜጦቹ የሊጋያን ፎቶ የፊት ገጽ ላይ አወጡ።

ዴልፊና በዝናቡ ወራት አረፈች።

አስከሬኗ ሳጥኑ ሳይከደን ቤቷ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ከየደሴቱ መጣ። ሶሌዳድ ቴፑን ከራስጌዋ አስቀምጣ ያንን ጥሪ ደጋግማ አሰማች። የዝንጅብል ሻይ ይዘው ወዲህ ወዲያ የሚሉት ሁሉ ድምፁን ሲሰሙ ባሉበት ይቆማሉ።

ቀትር ላይ ሊጋያ ብቻዋን መጣች። ፊቷን አልተቀባችም። በእጇ የሳምፓጊታ አበባ ጉንጉን ይዛለች። ሶሌዳድ በሩ ላይ ቆመችባት።

«መሞቷን ልታረጋግጪ ነው?»

«አንድ ጊዜ ልያትና ልሂድ፣ እህቴ።»

«እህትሽ አይደለሁም። በሕይወቷ አሾፍሽባት። ሥራዋን ልታበላሺባት ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ዞርሽ። ሽልማቷን ስትቀበል ማየት እንኳ አቃተሽ። አሁን እዚህ ምን ቀረሽ?»

ከውስጥ ድምፁ ተሰማ። ሚስቲቱ ባሏን ትጣራለች።

«ትሰሚያለሽ?» አለች ሶሌዳድ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ዕድሜሽን ሙሉ ብትጮኺ አይወጣሽም።»

ሊጋያ አፏን ከፈት አደረገች። በሶሌዳድ ትከሻ ላይ አሻግራ ዓይናቸውን የሚጠርጉትን ለቀስተኞች አየች። አንዲት አሮጊት ሳጥኑን አቅፋ፣ ተናገሪ የኔ ልጅ፣ ተናገሪ ትላለች።

«እውነትሽን ነው» አለች ሊጋያ። «ይህንን እግሯ ሥር አኑሪልኝ።»

አበባውን ሰጥታት ሄደች። ሶሌዳድ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቦይ ውስጥ ወረወረችው።

የዴልፊና እናት ኮንሱዌሎ ከሳጥኑ አጠገብ ቀና ሳትል ተቀምጣ ነበር። ከሐኪሞቹና ከእሷ ሌላ ልጇን ያስታመመ ሰው አልነበረም። ሶሌዳድ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ሁሉን ነገረቻት፤ ሊጋያ መጥታ እንደነበር፣ በሩ ላይ እንዴት እንዳዋረደቻት፣ አበባውንም የት እንደጣለችው። ምስጋና ጠብቃ ነበር። እናትየው ግን እጇን ሰድዳ ቴፑን አጠፋችው።

«ልጄ ጉሮሮዋን ከተቀደደች ወዲህ እማ ብላ እንኳ ጠርታኝ አታውቅም፤ በዚያ ድምፅ ስታስለቅስሽ የከረመችው ሊጋያ ናት» አለቻት።