ዘጠኝ ቁጥር

የስዊ ላን ፕሮግራም ማክሰኞ ጠዋትም ሞተ።

ማሌዥያ፣ ፔናንግ ደሴት ውስጥ፣ ባያን ሌፓስ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሞተው። ከካሜራ ሥር የሚያልፉትን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች እያየ እንከን ያለበትን እንዲለቅም የተጻፈ ነበር። ሥራውን ደህና አድርጎ ይጀምራል፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ «ተገደለ» የሚል ቃል ብቻ ይቀራል።

ከመስታወቱ ወዲያ፣ ያንኑ ሥራ ለዓመታት በማጉያ መነጽር ሲሠሩ የኖሩት ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ቦርዶቹ ወደ እነሱ ይመለሳሉ።

የፋብሪካው ባለቤት ቦስ ቴኦ በሩን በርግዶ ገባ።

«ደግሞ ሞተ?»

«ሞተ» አለች ስዊ ላን።

«እስከ ዓርብ ነው ያልኩሽ። አንድ ፈረቃ ሙሉ ከዋለልኝ ቋሚ ትሆኛለሽ፣ እነዚህንም ሴቶች አሰናብታለሁ። ካልሆነ ግን ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ። አንክል፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሁሉም «አጎት» ለማለት አንክል የሚሏቸው ታያላን ከላፕቶፓቸው ቀና አሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ለዚሁ ችግር ሲባል በኮንትራት የተጠሩ፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን የሊነክስን ሥርዓት አንጀቱን ያውቃሉ የሚባልላቸው ሰው ናቸው። በመጡበት ዕለት ቦስ ቴኦ የማሽኑን ዋና የይለፍ ቃል አስረክቧቸዋል፤ ከላፕቶፓቸው ሆነው ያዙበታል።

«ሜሞሪ እየበላ ይመስለኛል» አሉ።

ስዊ ላን ሌላ ዓይነት አሟሟት ቢሆን ኖሮ መላ አታጣም ነበር። ፕሮግራም ያልተሰጠውን ሜሞሪ ሲነካ ሊነክስ ያስቆመዋል፤ ያኔ ግን ሬሳው ፋይል ሆኖ ይቀራል፣ ያንን ገልብጦ የተሰናከለበትን መስመር ማግኘት ይቻላል። ይሄኛው ሬሳ አልነበረውም። የሚደርሰው ዘጠኝ ቁጥር የሚሉት ትእዛዝ ነው፤ እሱ ከመጣ ይግባኝ የለም፣ ኑዛዜም የለም።

«ማነው የሚልከው ታዲያ?» አለ ቦስ ቴኦ።

«ሊነክስ ራሱ ነዋ!» አሉ አንክል ታያላን። «ሜሞሪ ሲጠበው ብዙ የሚበላውን መርጦ ይገላል። ሌሎቹ እንዲተርፉ።»

«ግን እሱ ቢሆን መዝገቡ ላይ ይጽፍ አልነበር እንዴ አንክል?» አለች ስዊ ላን። «አንድም ነገር አልጻፈም እኮ።»

«ትንፋሽ ያጠረው ማሽን በምኑ ይጽፋል፣ ልጄ?»

አሳመኗት። ኮዷን ከላይ እስከ ታች ማበጠር ያዘች፤ የት ቦታ ነው ሜሞሪ ወስጄ ሳልመልስ የቀረሁት ብላ። አላገኘችም። ያላገኘችው ስለሌለ ነው ብሎ ማመን ደግሞ አልሆነላትም፤ ራሱን የተጠራጠረ ሰው ንጹሕ ኮድም ያስፈራዋል።

ረቡዕ ታይፑሳም፣ የሂንዱዎች በዓል፣ ነበር። አንክል ታያላን ለበዓሉ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዱ፤ ፋብሪካው በግማሽ ሠራተኛ ዋለ። ፕሮግራሙ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይሞት ሠራ። ስዊ ላን ሮጣ ቦስ ቴኦን ጠራችው።

«የግማሽ ሠራተኛ ፈረቃ ፈረቃ አይባልም» አላት።

ሐሙስ ዕለት ነገሩን ለአንክል ታያላን ነገረቻቸው። ግንባራቸው ላይ የበዓሉ አመድ ገና አልጠፋም።

«ያለፈው ቦርድ ጥቂት ስለሆነ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ሜሞሪው አልሞላማ። አላልኩሽም?»

ማሽኑ ላይ ሜሞሪ ተጨመረ። ስዊ ላን ዓይኗን ከልኬቱ ሳትነቅል ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ሞተ።

«ግማሹ እኮ ባዶ ነው!» አለች።

«የምታይው የቅድሙን ነው። ድንገት ነው ጢም የሚለው።»

አንክል ታያላን በምሳ ሰዓት ወደ ክበቡ ወርደው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ለእነሱም ለስዊ ላንም የሚበቃ ቀልድ ነበራቸው። እሷ ግን እህል አላሰኛትምና ክፍሏ ቀረች፤ ሲመለሱ በላስቲክ የተቋጠረ ሻይ አመጡላት።

ዓርብ ከፕሮግራሙ ላይ ሊቀነስ የሚችለውን ሁሉ ቀነሰች። ያሳመረቻቸውን፣ የደከመችባቸውን ክፍሎች ሁሉ አወጣች። አጥንቱ ብቻ ቀረ፤ አጥንቱም ሠራ። ቀትር አለፈ፤ ሠራ። ቦስ ቴኦ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከመስታወቱ ወዲያ ሴቶቹ አንገታቸውን እየመለሱ ማየት ጀመሩ።

ፈረቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስዊ ላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አንክል፣ ሊያልፍ ነው መሰለኝ!»

አንክል ታያላን እጃቸው ላፕቶፑ ላይ እንዳለ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ልጄ» አሉ፣ ዛሬም ከክበቡ አምጥተው ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡላትን እያመለከቱ።

ሻይዋን አንስታ ዞር ስትል ስክሪኑ ላይ ያው ቃል ነበር።

እንደገና አስነሳችው፤ ለምን እንደምታስነሳው ግን አታውቅም። ሞትን የሚያህል ነገር አጠገቧ እየመጣ ሲሄድ ምንም ማድረግ አለመቻሏ ነው ያስለቀሳት። ቦስ ቴኦ የክፍሉን መብራት አጠፋ።

«በቃ። ሰኞ ካሜራውን አስነቅላለሁ። አንቺም ዕቃሽን ያዢ።»

እሱ ከወጣ በኋላ አንክል ታያላን ሳጥን ፈልገው አመጡላት፣ መጽሐፎቿንም አብረዋት ሸከፉ።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉ። «ኮድሽ ጤነኛ ነው። እመኚኝ፣ የትም ብትሄጂ ሥራ አታጪም።»

ስዊ ላን ሰው ለማጽናናት የሚባል ነገር ነው ብላ ወሰደችው። አመሰገነቻቸው፤ ሳጥኗን ታቅፋ በኋላ በር ወጣች።

የፈረቃው ደወል ተደወለ። አንክል ታያላን ዋናው በር አጠገብ ሞተር ብስክሌታቸውን አስነሥተው ቆሙ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወጡ፤ ከመሃላቸው አንዷ፣ ዓይኖቿ ከማጉያው ብዛት የቀሉ ሴትዮ፣ መጥታ ከኋላቸው ተፈናጠጠችና ወገባቸውን ያዘች።

«ዛሬስ ቆየህብኝ» አለቻቸው ሚስታቸው፤ «እስክትገድለው ድረስ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»