በደጅ የተቀመጠው ወንበር

የተሰበረ ክንድ በወራት ይጠገናል፤ በዱላ የተገራ ልብ ግን ደብዳቢው ከተለየ በኋላም ቶሎ ነፃ አይወጣም።

በኒካራጓዋ፣ በሌዎን ከተማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ተወዛዋዥ ወንበሩን ደጁ ላይ ያወጣል። የሃምሳ አንድ ዓመቷ ኦቲሊያ ባሏን ጥላ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ የማዶው አናጢ ኤሊሴዮ የራሱን ወንበር ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረና ከእርሷ ወንበር ጎን አኖረው። በዚያ ሰፈር ይህ ከጋብቻ ቀለበት አያንስም።

«ዶን ኤሊሴዮ፣ ከማዶ እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብዎት እኮ» ስትል ጎረቤቷ ተረበችው።

«ወንበሩ ከብዶኝ ነው» አለና እየሳቀ ተቀመጠ።

ኦቲሊያ ግን እጆቿን አጣምራ ቆማ ቀረች።

«ምነው ኦቲሊያ፣ አትቀመጪም እንዴ?» አላት ኤሊሴዮ።

«እርስዎ አልፈቀዱልኝም እኮ» አለችው ቀስ ብላ።

ቤቱ የእርሷ ነበር፤ ወንበሩም የእርሷ። ኤሊሴዮ «ተቀመጪ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ቃሉ ራሱ ፈቃድ መስጠት ሆነበትና ከመቀመጫው ተነሣ። መንገዱ እስኪጨልም ድረስ ሁለቱም በባዶዎቹ ወንበሮች አጠገብ እንደ ቆሙ ነበሩ።

ሃያ ሁለት ዓመት የደበደባት ባሏ በዚሁ ወንጀሉ በዚያው ወር የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከልጆቹም አንዱ እንኳ ሊጠይቀው አልሄደም።